ጓንዡ ያለ ሰው ሥራ የለውም

ቻይና ውስጥ፣ ጓንዡ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሥራ የለውም። ይህን ሳያውቅ ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ እስከዛሬ አልገጠመኝም። እርግጥ ነው፣ ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ቢሮ ይገባል፤ ማሽኑ ላይ ጣቱን አሳርፎ መግባቱን ያስመዘግባል፤ ካረፈደም ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ይህ ሁሉ ግን እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። እንጀራ ፍለጋ ነው የሄደው የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። አትስሟቸው። የሄደው ባይዩን አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ወዳጆቹን ሊቀበል ነው።

የእንግዳው መምጣት የሚበሠረን በሌሊት ነው። ቻይና ኢትዮጵያን በ5 ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሰው እራቱን በልቶ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም የራቀ ወዳጁ ትዝ ሲለው፣ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። “ተኝተህ ነበር እንዴ?” ይላል ወዳጄ ከልቡ ተገርሞ። “ኧረ ነቅቻለሁ” እላለሁ፤ እውነቴን ነው፣ ነቅቻለሁ። “ነገ ማታ እበራለሁ። አንተ እያለህልኝ ሆቴል ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።” ይህ የፍቅር ቃል ነው፤ የፍቅር ቃል ደግሞ እንዴት ይመለሳል?

የፍቅሩ መጠን ከምንዛሪው ጋር እንደሚሄድ ያስተዋልኩት በቅርቡ ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር በነበረበት ዘመን “አለህ ወይ” ብለውኝ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላሩ 100 ብርን ሲሻገር፣ እነዚያው ሰዎች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን የተነሣነውን ፎቶ ይልኩልኝ ጀመር። ብሩ በተዳከመ ቁጥር የእኔ ወዳጅነት ይጠነክራል። ብሔራዊ ባንክ ይህን ጎን አስቦበት ይሆን?

ናፍቆቱ ወቅትም አለው። ካንቶን ፌር የሚባለው የንግድ ትርዒት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጓንዡ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት ግድም፣ ይካሄዳል። ፓዡ በሚባለው ሰፈር ያለው የትርዒቱ አዳራሽ በሦስት ዙር ይከፈታል፤ ኤሌክትሮኒክስና ማሽኑ በመጀመሪያው፣ የቤት ዕቃው በሁለተኛው፣ ልብስና መጫወቻው በሦስተኛው። የእኔ ሳሎን ሶፋም በሦስት ዙር ይዘረጋል። የከተማው ሆቴሎች በእነዚያ ሳምንታት ዋጋቸውን ያንራሉ። እኔ አላንርም።

እንግዳዬ እንደደረሰ የመጀመሪያ ግኝቱ ስልኩ መበላሸቱ ነው። ጎግል የለም፣ ዩቲዩብ የለም፣ ፌስቡክ የለም፣ ቴሌግራምና ዋትስአፕም ያለ ቪፒኤን ንቅንቅ አይሉም። “ኢንተርኔታችሁ እንዲህ ነው እንዴ!” ይለኛል፣ መሥመሩን የዘጋሁት እኔ ይመስል። ሁለተኛው ግኝት ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ የሚከፍል ሰው አለመኖሩ ነው። ቆሎ የሚሸጡት አሮጊት ሳይቀሩ የዊቻት ወይም የአሊፔይ ካሬ ኮድ ለጥፈው ተቀምጠዋል። ወዳጄ የያዘው ካልሲው ውስጥ የጠቀለለውን ዶላር ነው፤ ዶላሩ ደግሞ ለዕቃ ነው። “አንተ ክፈልና እንተሳሰባለን።” ታክሲው እንተሳሰባለን። ምሳው እንተሳሰባለን። ሲም ካርዱ እንተሳሰባለን። የመተሳሰቢያው ቀን ከየትኛው የቀን መቁጠሪያ ላይ እንደሚውል ግን እስካሁን አልተነገረኝም።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። በቻይና ሕግ ሆቴል ያላረፈ የውጭ ዜጋ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ወይ ራሱ ወይ ያሳደረው ሰው፣ ለአካባቢው ፖሊስ ማስመዝገብ አለበት፤ ያላስመዘገበ እስከ 2000 ዩዋን ሊቀጣ ይችላል። ይህን በትሕትና ሳስረዳ እንግዳዬ ይከፋዋል። “እኔ ወንጀለኛ ነኝ እንዴ?” ፓስፖርቱን ስጠይቀው ሻንጣውን ይከፍታል። ፓስፖርቱ ያለው ከሁሉ በታች ነው፤ ከጫማው ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በዚያ ላይ በሹራብ። ሳሎኑ ወለል ላይ ሻንጣው ሲገለበጥ የቢሮ አለቃዬ መልእክት ይገባል፤ የት እንዳለሁ ይጠይቃል። ለዘመድ ሐዘን ነው እላለሁ። በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ዘመድ እንደቀበርኩ አለቃዬ መቁጠር የጀመረ ይመስለኛል።

ከሻንጣው አብሮ የእናቴ ላስቲክ ይወጣል። በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ። እማዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ስታሰጣ፣ ስትደልዝ፣ ስታስፈጭ የከረመችበት ነው። “አደራህን እንደነገርከኝ አምጥቼልሃለሁ” ይላል እንግዳዬ ኮራ ብሎ። በማግስቱ የቻይና ምግብ አይስማማውም። በሦስተኛው ቀን “እስቲ ያቺን ድርቆሽ ፍርፍር አድርጋት” ይላል። ሲሄድ ላስቲኩ ታጥቦ ተሰጥቷል። አደራውን በታማኝነት አድርሷል፤ ቀጥሎም በታማኝነት በልቶታል።

የሚያዝያው ዙር ከሁዳዴ ጋር የሚገጥምበት ዓመት ደግሞ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። እዚህ ጎመን እንኳ በአሳማ ስብ ሊጠበስ፣ ካልሆነም የቀንድ አውጣ ዘመድ በሆነ የባሕር ፍጥረት መረቅ ሊረጭ ይችላል። በየምግብ ቤቱ ወጥ ቤቱ ድረስ እየገባሁ እጠይቃለሁ። መጨረሻ ላይ እንግዳዬን ቡድሂስቶች የሚመገቡበት ቤት ወሰድኩት፤ ሥጋ ዝር አይልም፣ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ነው ሁሉም። ችግሩ እነዚህ ጿሚዎች ቶፉውን የተጠበሰ ዳክዬ አስመስለው፣ ቆዳውን ሳይቀር ወርቃማ አድርገው ያቀርቡታል። ወዳጄ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ አማተበ። “አንተ ሃይማኖትህን ከጣልክ ቆየህ ማለት ነው።” ያን ቀን ሁለታችንም ሙዝ በላን። እንተሳሰባለን።

ገበያው ግን ዋናው ቅዳሴ ነው። እንግዳዬ ካርታ አይወድም። ጠዋት ባይማ ልብስ፣ ረፋድ ላይ ሳንዩዋንሊ ቦርሳ፣ ከሰዓት ሼንዠን ወርደን ሁዋቺያንግበይ የስልክ ዕቃ፣ ማታ ፎሻን ሶፋ ብናይስ ይለኛል። “ከዚያ ዪዉንም ብቅ ብለን እንመለሳለን።” ዪዉ ሌላ ክፍለ ሀገር ናት፤ በባቡር ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይህን ስነግረው መንገዱን ያስረዘምኩት እኔ እንደሆንኩ በሚገልጽ ፊት ያየኛል።

ሳንዩዋንሊ ላይ ሻጯ ካልኩሌተሯን አንሥታ 85 መታችና አሳየችን። ወዳጄ ተቀበላትና 20 መታ። ሳቀች። “ሌባ ነሽ በላት” አለኝ። እሱ ከነገ ወዲያ ይበራል፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ። ስለዚህ በቻይንኛ፦ “ወንድሜ ቦርሳሽን ወዶታል፤ ርቆ ነው የመጣው፤ ብዛት ሲያዝዝ ትቀንሺለታለሽ ወይ?” አልኳት። እሷም ስለ ቆዳው፣ ስለ ዚፑ፣ ስለ ፋብሪካው ረዘም አድርጋ ነገረችኝና 80 መታች።

“ምን አለች?”

“80 አለች።”

“እኔ አንድ ቃል ነው ያልኩት፤ እናንተ ያን ሁሉ ምን ታወራላችሁ?”

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊቱ ተቀየረ። ኮሚሽን ገብቶበታል ማለት ነው። ለአስተርጓሚነቴ አምስት ሳንቲም ያልከፈለኝ ሰው፣ ሻጯ በድብቅ እንደምትከፍለኝ ግን በሙሉ ልቡ ያምናል። ከሁለት ወገን የሚበላ አስተናጋጅ የለም አልልም፤ አለ፣ ቤቱም ከእኔ ይሰፋል። ሞኝ አስተናጋጅም ግን አለ። እንግዳው ሌባ መኖሩን ያምናል፤ ሞኝ መኖሩን የሚያምነው ሶፋው ላይ ሲተኛ ብቻ ነው።

ማታ ማታ ወዳጄ ደብተሩን ዘርግቶ ሒሳብ ይሠራል። ጎኑ ተቀምጬ አያለሁ። የቦርሳው ዋጋ፣ የካርቶኑ፣ ካርጎው በኪሎ፣ ቀረጥ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሱር ታክስ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመርካቶ ሱቅ ኪራይ፣ የደላላ። ለእያንዳንዱ መሥመር አለው፤ ለሻይ እንኳ መሥመር አለው። ጓንዡ ውስጥ በቀን ሒሳብ የሚቀጠር አስተርጓሚ ሞልቷል፤ ሆቴልም፣ መኪናም። ደብተሩ ላይ እነዚህ የሉም። ራሴን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት። መጨረሻ ላይ አገኘሁት፤ “የተጣራ ትርፍ” የሚለው ውስጥ ነበርኩ።

ይህን አንሥቶ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ፈረንጅ ሆነ ያሰኛል። እንግዳ ተቀባይነት ባህላችን ነው፤ አባቶቻችን በሩ ላይ “የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ” ያለውን እግሩን አጥበው፣ አልጋቸውን ለቀው ያሳድሩት ነበር። ትክክል። ያ እንግዳ ግን ሲነጋ መንገዱን ይቀጥል ነበር። በሬ አጫርተኝ አላለም፤ የገዛሁትን ጎተራህ ውስጥ አቆይልኝ አላለም፤ ዋጋው ሲወደድበትም ባለቤቱን ከነጋዴ ጋር ተመሳጠርክ አላለውም። ከእነዚያ አባቶች የወረስነው ማሳደሩን ነው፤ ማደሩን የት እንደተማርነው እንጃ።

የመሸኛው ሌሊት የሚዛን ሌሊት ነው። አንዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ አይበልጥም። መጀመሪያ እኔ መታጠቢያ ቤት ያለችው ሚዛን ላይ ለብቻዬ እቆማለሁ፤ ቀጥሎ ሻንጣውን አቅፌ እቆማለሁ፤ ልዩነቱን እናሰላለን። 27 ተኩል። “ሚዛንህ ተበላሽቷል።” እንደገና እቆማለሁ። 27 ተኩል። ያኔ ሻንጣው ይከፈትና የሚቀነስ ዕቃ ይፈለጋል። መጀመሪያ የሚወጣው ለእናቴ የላክሁላት የደም ግፊት መለኪያ ነው። ግማሽ ኪሎ አትሞላም። “እሷን በሌላ ጊዜ ትልካታለህ፤ ለእማማ እኔ እነግራቸዋለሁ።” ናሙና ጫማዎቹ፣ በግራ በግራ እግራቸው የተሰበሰቡት 11ዱ፣ ንቅንቅ አይሉም።

የተረፈው ካርቶን በረንዳዬ ላይ ይቀራል፤ “ከሚመጣ ሰው ጋር ትልክልኛለህ።” የጓንዡ ጸደይ ግድግዳ የሚያልብበት ወቅት ነው፤ ልብስ አይደርቅም፣ ቆዳ ይሻግታል። በሰኔ “ቦርሳዎቹን አበላሽተህብኛል” የሚል የድምፅ መልእክት ይደርሰኛል። በዚህኛው ላይ መተሳሰብ እንደሚቻል ታውቋል፤ ዋጋው ከነትርፉ ተሰልቶ መጥቷል።

እኔም አንዳንዴ አገር ቤት እገባለሁ። ለወዳጄ እደውላለሁ። “ውይ መጣህ! ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ ልደውልልህ? ቡና እንጠጣለን።” ይገባኛል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሥራ አለው።

በመጪው ጥቅምት የምትመጡ ወዳጆቼ፣ ሶፋው ይዘረጋል፤ ሆቴል የሚባል ነገር በሐሳባችሁ እንዳይመጣ። አንድ ነገር ብቻ፦ ፓስፖርቱን ከጫማው ሥር አትቅበሩት። ፖሊሱ ለምሳ የሚወጣው 6 ሰዓት ላይ ነው።