የልጅ ልጄ የማላውቃቸው ቤተሰቦች

ሙቀቱን ችለን ኖረናል። የሸዋ ሮቢት የግንቦት ፀሐይ ምን እንደምትመስል ከጣርማ በር ቁልቁል ያልወረደ ሰው አያውቃትም። ላይ ዋሻውን ስታልፍ ጋቢ ደርበህም ጥርስህ ይንገጫገጫል፤ ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ይወልቃል፣ አርማንያ ላይ ሹራቡ ይከተላል፣ ሮቢት ስትደርስ ቆዳህንም አውልቀህ ብትሰቅለው ደስ ባለህ። ወባውንም፣ ግሪሳውንም፣ የሮቢን ወንዝ ድንገተኛ ሙላትም ችለናል። በእርጅናዬ የመጣብኝን ይሄን አዲሱን ግን እንጃ! የልጅ ልጄ ውሎዋን ለዓለም ታወራለች።

ሥራ ነው አሉ። «ሰላም ቤተሰብ! ጠፋሁ አይደል? በጣም ቢዚ ሆኜ ነው» ብላ ትጀምራለች። ጠፋሁ የምትለው ትናንት ማታ አውርታ ያደረች ልጅ ናት። ቢዚ ያደረጋትንም እኔ አውቀዋለሁ፤ ማንጎው ጥላ ሥር ተጋድማ፣ ጠፍታ እንደነበር የምትናገርበትን ቪዲዮ ስትቆርጥ ስትቀጥል ነው የዋለችው።

ደግሞ ቤተሰብ ማለቷ! ቤተሰብ እኔ ነኝ፣ አያቷ። «ውድ የቻናሌ ቤተሰቦች» ከምትላቸው መሀል ለፋሲካ በግ ሲጣል እግሩን የያዘልን አለ? እኔ ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ ውሃ ያቀበለኝ አለ? አንዱ ዱባይ ነው፣ አንዷ ዲሲ ናት፣ አንዱ የት እንዳለ እሱም አያውቅም። ለእነሱ ግን ጠዋት ስትነሳ ምን እንደተሰማት ይነገራቸዋል። እኔ «እንዴት አደርሽ ልጄ?» ስላት «ደህና» ነው መልሷ። አለቀ።

የምግቡን ነገርማ አታንሱብኝ። በእኛ አገር ገበታ ይሸፈናል፤ መሶብ ክዳን የተሠራለት ለጌጥ አይደለም። ንጉሥ እንኳ በግብር ላይ ሲበላ መጋረጃ ይጣልለት ነበር፤ ተራውም ሰው ሲጎርስና ሲጠጣ በነጠላ ይከለል ነበር። የቡዳው ነገር ይቅር፣ ያጣ ሰው አያይም? አሁን እናቷ ሽሮውን እንደተንተከተከ ታወጣለች። እጄን ታጥቤ፣ በስመ አብ ብዬ ልቆርስ ስል «አባባ ቆይ! እንዳትነካው!» ትላለች። ትሪው ወደ መስኮቱ ይዞራል። ቃሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ይዛወራል፣ አላማረም ተብሎ ወደ ግራ ይመለሳል። እንጀራው እንደ ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ጫፉ ይስተካከላል። እሷ ወንበር ላይ ወጥታ ከላይ ታነሳለች፤ እኔ የታጠበ እጄን አንጠልጥዬ እጠብቃለሁ። ሽሮው ቆዳ ሲያወጣ «አሁን ብላ» እባላለሁ። ከታች አንዱ «ያስጎመጃል» ብሎ ጽፏል። ይጎምጅ! እኔም የምበላው ተቀምጬ ጎምጅቼ ጎምጅቼ ነው።

ውሎን መጻፍ ዛሬ የተጀመረ ነው እያልኩ አይደለም፤ ታሪክ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ አንኮበር ተቀምጦ የዕለት የዕለቱን ይመዘግብ ነበር፤ እሱና ባልንጀራው አይዘንበርግ የጻፉት ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ላይ ታተመ። ቻርልስ ጆንስተን የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ደግሞ እዚሁ ይፋት፣ አልዩ አምባ ከርሞ፣ ያየውንም ያመመውንም ጽፎ በ1844 ሁለት ቅጽ አወጣ። እነዚያ ዘመዳቸው ባሕር ማዶ ነበር፣ ምን ያድርጉ? የእኔዋ ዘመዷ ከጎኗ ተቀምጧል። ዳግማዊ ምኒልክም ቢሆኑ ታሪካቸውን የጻፉላቸው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ ለራሱ ንጉሥ፣ ለራሱ ጸሐፌ ትእዛዝ ሆኗል።

ወሬ የሚያውቁበት ጎረቤቶቻችን አፋሮች ናቸው። ዳጉ ይሉታል። ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ቁጭ ይላሉ። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ከብት የነካ በሽታ አለ? ምን እንግዳ ሰው አየህ? ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ይናገራል፤ ዋሽቶ ከተገኘ በጎሳው ይቀጣል። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ከአማራው፣ ከአርጎባውና ከኦሮሞው ጋር ሲገናኝም ይዞት የሚመጣው ወሬ እንዲህ ያለ፣ ከብት የሚያድን ነው። የእኔዋ «ዛሬ ሙዴ ልክ አይደለም» ትላለች። እሺ፣ ዝናቡስ የት ጣለ?

በሽታው ወደ ወንድሟም ተጋብቷል። ማሽላው ሲያሽት ግሪሳ እንዲጠብቅ ወንጭፍ አስይዤ ማማ ላይ ሰቀልኩት። ወንጭፉን አንገቱ ላይ አጥልቆ ስልኩን አወጣ። ግሪሳው ከወዲያ ማሳ ተነስቶ ሰማዩን ሲያጠቁር፣ ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ፣ በስሎ ሞሽን እያዘገመ ቀረጸው። ግሪሳ ሲበላ ግን አያዘግምም። «አባባ፣ ስንት ሰው እንዳየው ብታውቅ!» አለኝ ማታ። እኔ የማውቀው ስንቱ አገዳ ባዶውን እንደቀረ ነው።

አዎ፣ እኔም አያለሁ። ለቁጥጥር ነው። አንድ ቀን እንዲህ ሳጉረመርም ተደብቃ ቀርጻኝ ኖሯል፤ ከእሷ ሙድም ከእናቷ ሽሮም በልጦ ታየ። «እንዲህ ያለ አባት ዕድሜ ይስጥልን» ብለው የጻፉትን መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ። አሜን፣ ለእናንተም ይስጣችሁ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ቤተሰብ ግን አይደሉም። እሷ እንደሆነች ከዚያ ወዲህ «አባባ፣ እስቲ ትንሽ ተቆጣ» እያለች ታስቸግረኛለች። በትእዛዝ የሚቆጣ ሽማግሌ የት አይታለች?

አሁን ልጠይቃችሁ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ለእናንተ ለጻፋችሁላት ሁሉ ዓይኗን ሳታርገበግብ ትመልሳለች፤ እኔ ስደውልላት ስልኩ ተይዟል። እዚያ ካገኛችኋት፣ የሽንኩርቱ የውሃ ተራችን ሐሙስ ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው በሉልኝ። የውሃ አባቱ ያለፈ ተራ አይመልስም። ባትሪና ቦቲ ይዛ ትምጣ፤ ወንድሟንም ትቀስቅሰው።