ያልተነካው አረንጓዴ ሃይላይተር

መስከረም ሲጠባ ባንኩም ኢንሹራንሱም ስሙን በወርቃማ ቀለም ያሳተመበትን አጀንዳ ያድላል። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ባንክ ቤት ዘመድ ያፈላልጋል። የተገኘው አጀንዳ ኅዳር ሳይገባ የዕቁብ መዝገብ፣ ጥር ላይ የልጅ ሥዕል መለማመጃ ይሆናል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ከዚህ ወገን አይደለም። ጠዋት 2፡30 ላይ ወንበሩን ስቦ ሦስት ሃይላይተር ይደረድራል። ቢጫው አስቸኳይ፣ ሮዙ በጣም አስቸኳይ፣ አረንጓዴው የተጠናቀቀ ማለት ነው። አረንጓዴው እስካሁን አዲስ ነው። «ኢሜይል ማየት»፣ «ከፋይናንስ ጋር መነጋገር» እያለ፣ በማስመሪያ እያሰመረ ገጹን ሲሞላ 4 ሰዓት ይሆናል። 4 ሰዓት ደግሞ የሻይ ሰዓት ነው። «የሩብ ዓመት ሪፖርት መጨረስ» የምትለው መስመር ከገጽ ወደ ገጽ ስትሻገር ከርማለች፤ ሰው ብትሆን የውሎ አበል ትጠይቅ ነበር።

በዚያ ሁሉ ዕቅድ ውስጥ የታክሲ ሰልፍ የለም፣ «ሲስተም የለም» የለም፣ ለቅሶ የለም፣ «አንዴ ላስቸግርህ» ብሎ ገብቶ ሰዓት የሚፈጅ ሰው የለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንኑ ጠባይ ጽፈውታል፤ ሰው ትናንት መዘግየቱን እያወቀ ለዛሬው ሥራ ያንኑ የማይበቃ ጊዜ ይመድባል።

አይቪ ሊ የተባለው አሜሪካዊ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1918 ለብረት አምራቹ ለቤተልሔም ስቲል ኩባንያ አለቃ ለቻርልስ ሽዋብ ሰጠው የሚባለው ምክር አጭር ነው፦ ማታ የነገን ስድስት ሥራ በቅደም ተከተል ጻፍ፤ አንደኛውን ሳትጨርስ ሁለተኛውን አትንካ። ሽዋብ ለዚህች 25,000 ዶላር ከፈለ ይላሉ። እኛ ዘንድ ቢሆን ቢሾፍቱ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ይወጣው ነበር። የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠናው የክብር እንግዳው እስኪመጡ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይጀመራል፤ ሲያልቅም አጀንዳ ይታደላል።

መዝገብ ቤታችን ያሉት እትዬ ስለ አይቪ ሊ አልሰሙም። ማታ ሊወጡ ሲሉ ከተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ቁራጭ ቀድደው ሦስት ነገር ይጽፋሉ። ጠዋት አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ ፋይል አይከፍቱም። የቸኮለ ባለጉዳይ ቢመጣ «ቁጭ በል ልጄ፣ ይደርሳል» ይሉታል፤ ደግሞም ይደርሳል። 9 ሰዓት ላይ ሦስቱም ተሰርዘው ዳንቴላቸውን ያወጣሉ።

አለቃችን በዚያ ሲያልፉ ዳንቴሉን አዩና የባልደረባዬን ሪፖርት ለእትዬ ሰጧቸው። እትዬ ቁራጯን አየት አድርገው «ዛሬ አይሆንም፤ ሐሙስ ከሻይ በፊት ይደርስልዎታል» አሉ። ሐሙስ ከሻይ በፊት ደረሰ።

አለቃችን አሁንም «ሥራ ቢኖራቸው እንዲህ አይረጋጉም ነበር» ይላሉ። ለባለ አጀንዳው ግን ሥራ ስለበዛበት ረዳት እንዲቀጠርለት ደብዳቤ ወጥቷል።