መስኮቱ የማያሳየው ውኃ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ከሚሴ አካባቢ ሲደርስ የሚያነሳው ፎቶ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ ግማሹ የአውቶቡስ መጋረጃ፣ ሩቡ በመስታወቱ ላይ ያረፈ የራሱ ፊት፣ የቀረው ደግሞ አረንጓዴ ነገር። ያ አረንጓዴ ነገር ጨፋ ነው፤ ከደሴ በኩል ገደል ለገደል ሲወርድ የመጣው የቦርከና ወንዝ ሜዳ አግኝቶ ጋደም የሚልበት ረግረግ። መንገደኛው ግን ፎቶውን አይቶ «ውኃው የታለ?» ይላል። ሐይቅ እንዳልሆነ ሲነገረው የተታለለ ያህል ያኮርፋል። ከደሴ አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ እውነተኛው ሐይቅ እንደሚጠብቀው ያስብና እንቅልፉን ይቀጥላል። የዚህ ወግ ጠብ ከዚያ እንቅልፍ ጋር ነው። ጨፋ በእግር ሊኬድበትና ፎቶ ሊነሳ የሚገባው፣ ሐይቅ ስላልሆነ ይቅርታ ሳይጠይቅ ነው።

እስቲ የሐይቅን ነገር ሐይቅ የሞላቸውን እንጠይቅ። ፊንላንድ 188,000 ገደማ ሐይቆች አሏት። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ አቆጣጠሩ ሲታወቅ ግን ድንጋጤው ይበርዳል። እዚያ 500 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ውኃ ከቆጠራው ይገባል። 500 ካሬ ማለት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ደህና ቪላ ከነግቢው የሚያርፍበት ነው! በዚህ ሚዛን ጨፋ በክረምት ስንት ሐይቅ እንደሚወጣው መቁጠር የሚፈልግ ቦቲውን አጥልቆ ይምጣ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመው ግን ያ ሁሉ ሐይቅ ያላቸው ሰዎች ረግረጋቸውንም አለመናቃቸው ነው። በጭቃው ላይ ሳንቃ ዘርግተው ይሄዱበታል፤ ጎንበስ ብለው ሣሩን ፎቶ ያነሱታል። እኛ ደግሞ ሳንቃው ባይኖረን ቃሉ አለን። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት እርጥብና ለምለም መስክ ነው፤ ሸንጎው በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበር የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። ምክር ቤት በስሙ የተጠራለትን መስክ «ውኃ የለውም» ብሎ ማለፍ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

ደግሞስ ውኃ መኖር አለመኖሩን በመስኮት ማን ዳኘ? ከሩቅ ሲታይ ቄጠማው በቄጠማው፣ ፊላው በፊላው ላይ ይደራረብና ውኃውን ይሸፍነዋል፤ ሲቀርቡት ግን እንደ መጋረጃ ይከፈታል። ሰዓቱም የራሱ ተንኮል አለው። ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ የተነሳ አውቶቡስ ከሚሴ የሚደርሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ጥላ ሁሉ ከባለቤቱ እግር ሥር ሲደበቅ ነው፤ በዚያ ብርሃን እንኳን ረግረግ ሙሽራም አታምርም። ከሚሴ ያደረ ሰው ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአፋር በኩል በአግድም ስትመጣ ሣር ያለው ሁሉ ኩሬ ሆኖ ያገኘዋል። በበጋ ደግሞ መሬቱ ጠንከር ይላል፤ ሣር ፍለጋ የመጡ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል ምስሉ ውስጥ ይገባል። ባዶ ሐይቅ ፎቶ አንሺውን የሚያስለምነው ሕይወት እዚህ ሳይጠራ ይመጣል።

«ጭቃውስ? ትንኙስ?» የሚል አይጠፋም። ጭቃው ይታጠባል። ትንኝን በተመለከተ ደግሞ የፊንላንድ የበጋ ትንኝ በዓለም የታወቀች ናት፤ ፎቶ አንሺዎቹ ግን ቤታቸው አልቀሩም። እርግጥ የእነሱ ትንኝ ታሳክካለች እንጂ ወባ አትሰጥም፤ ስለዚህ ከሚሴ የሚያድር ሰው ከሌንሱ በፊት አጎበሩን ያስብ። «ጨፋ ኑሮ ነው እንጂ መናፈሻ አይደለም» የሚለው ተቃውሞ ግን ከበድ ይላል፤ ትክክልም ነው። ፊንላንድ ውስጥ ማንም ሰው በሌላው ደን ውስጥ በእግሩ የማለፍ የቆየ መብት አለው። ጨፋ ላይ መብቱ የሚገኘው በሰላምታ ነው፦ ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው? ይህ ሁሉ አልቆ ግመሉን ለማንሳት ሲፈቀድ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ይሆናል፤ ለነገ ጠዋት የሚያስፈልገው ወዳጅ ግን ተገኝቷል። ደግሞም ኑሮ መሆኑ ለፎቶው ተጨማሪ ምክንያት ነው። በእርሻና በመስኖ ዳር ዳሩ የሚቆረስ ረግረግ ዘንድሮ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ከዓመታት በኋላ ከዚያው ቦታ ቢነሳ፣ ሁለቱ ፎቶዎች ከረጅም ስብሰባ ይልቅ ይናገራሉ።

«ያም ሆነ ይህ ሐይቅ አይደለም» ብሎ ለሚደርቅ ሰው ሁለት ምስክሮች እንጥራ። አንደኛው ቦርከና ራሱ ነው፦ አዋሽ ውስጥ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያርፋል። ስለዚህ ሐይቅ ካላየሁ የሚል መንገደኛ ትዕግሥት ካለው ውኃውን ተከትሎ መሄድ ይችላል። ሁለተኛዋ ምስክር ክሬን የምትባለው ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፍ ናት። ከፊንላንድ ተነስተው ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው የሚከርሙ አሉ። ይህች ወፍ 188,000 ሐይቅ ባለበት አገር ጎጆዋን መሥራት የምትወደው ረግረግ ላይ ነው፤ እዚህም መጥታ የምታድረው እግሯን ብቻ በሚያረጥብ ውኃ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ ስትመጣ «ሐይቁስ የታለ?» ብላ አታውቅም። መስኮት ስለሌላት ይሆናል።