ወይፈኑ ይሰናበት!

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደምበጫ ውስጥ፣ ከአንድ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ አንድ የፕሪሚየር ሊግ አሰልጣኝ ሲባረር በዓይኔ አየሁ። ጨዋታው ገና 23ኛው ደቂቃ ላይ ነበር። ቡድኑ 1 ለ 0 እየተመራ ነው፤ ሰውዬው ክለቡን ከያዘ ደግሞ ሁለተኛ ጨዋታው ነው። ከኋላዬ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበው ጎረቤቴ ብድግ አለና «ይኼ ሰውዬ እንደማይሆን ድሮም ተናግሬያለሁ፤ ይሸኝ!» ብሎ ፈረደ። ቤቱ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። እንግሊዝ አገር ያለው የክለቡ ቦርድ ውሳኔያችንን እስካሁን አልሰማም፤ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። በእኛ በኩል መዝገቡ ተዘግቷል።

ይህን አይተው «ደጋፊ ትዕግሥት የለውም» የሚሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው። ትዕግሥትማ ከእኛ በላይ ለማን ተሰጠ? ይኸው ጎረቤቴ አንዲት ማኅተም ለማስመታት ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላልሷል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ባሉት ቁጥር «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ጋቢውን አስተካክሎ ይመለሳል። መብራት ሲሄድ ሻማ እንለኩሳለን፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን እናሰልፋለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ወር በወር ላይ ስንቆጥር «በዚህ አሰላለፍ አንቀጥልም፣ ቅያሪ ይግባ!» ብሎ ከአግዳሚ የተነሳ ሰው ትዝ አይለኝም። ትዕግሥታችንን በየመስኮቱ እንዲህ አድለን አድለን ቅዳሜ ማታ ላይ ስንደርስ እጃችን ባዶ ነው። ለአሰልጣኝ የሚተርፍ ከየት ይምጣ?

እንዲያውም እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ይህን የመሰለ ፈጣን ፍርድ ለኳስ ብቻ ወስነን መቅረታችን ያሳዝናል። ወደ እርሻው ቢወርድ ምዕራብ ጎጃም የት በደረሰ!

ሰኞ ጠዋት ያ ፈራጅ ጎረቤቴ ወይፈን ሲገራ ደረስኩ። ወይፈኑን ከአሮጌው በሬ ጋር ጠምዶታል፤ ልጁ ከፊት ይስባል፣ እሱ ከኋላ ዕርፍ ይዟል። ወይፈኑ ሁለት እርምጃ ሄደና ቀንበሩን አጣሞ የሰው ማሳ ውስጥ ገባ። መለሱት። በሁለተኛው ትልም ላይ ድግር ሰበረ። በሦስተኛው ጭራሽ ትልሙ ላይ ተኛና አልነሳም አለ። አሮጌው በሬ ቆሞ ያመነዥካል፤ በሆዱ ምን እንደሚል እግዜር ይወቀው። እኔ ወዲያው ገባኝ፦ ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት። «አያ፣ ምን ትጠብቃለህ? ይሸኝ እንጂ!» አልኩት። ጎረቤቴ እንደ እብድ አየኝ። «ምን ነካህ አንተ? ልጅ እኮ ነው! ገና ቀንበር መልመዱ ነው። የዛሬ ዓመት መጥተህ እየው።»

የዛሬ ዓመት! ይታያችሁ፣ ለአንድ ወይፈን። አሰላለፍ ለማያውቅ፣ ጋዜጣዊ መግለጫ ለማይሰጥ፣ ተሸንፎ እንኳ «ከተጫዋቾቼ ብዙ ተምሬያለሁ» ብሎ ለማያጽናና ከብት ዓመት ይሰጠዋል። በእኔ አስተያየት ወይፈኑ በዚያው ቀን ተሰናብቶ ቡሬ ገበያ ላይ በሌላ መተካት ነበረበት፤ ያም ሲተኛ በሌላ። ክረምቱ ሲገባ የሚያርስ በሬ ባይኖርም ያሰናበትናቸው ብዛት ያኮራናል።

ቅኔ ቤቱም ቢሆን ከዚህ ነቀፌታ አያመልጥም። ዋሸራንና ጎንጅን ያህል የቅኔ ቤት ያፈራ አገር፣ ያን ሁሉ ዘመን ሲያስተምር የጊዜን ዋጋ አለማወቁ ይገርማል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ባመጣት ቁራሽ እያደረ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። የኔታም ሲሳሳት እያረሙ፣ ሲያርሙ እያመሹ፣ ዓመታት ይጠብቁታል። እኛ ብንሆን በሦስተኛው ቀን መወድስ ያልተቀኘ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር። የጠላውንስ ነገር ተዉት። ድፍድፉን በሦስተኛው ቀን ከፍቼ ልቅመስ ብል እትዬ በማማሰያው እጄን እንደሚሰብሩት አውቃለሁ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ኋላ ቀርነት መካከል ሕጋችንን በሚገባ ያከበረልን የብሔራዊ ቡድናችን ወንበር ነው። ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀን ኖርን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ኻርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣበትን ዕዳ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከፈለና ወደ ደቡብ አፍሪካ አለፈ። ያን ቀን ያላለቀሰ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ያልተቃቀፈ ካለ ይናገር። ቀጥሎም ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ብቻ እስኪቀረው ድረስ ተጓዘ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን። በዚያው ዓመት አሰልጣኙ ተሰናበቱ። ትክክል ነው! 31 ዓመት ተዘግቶ የኖረን በር የከፈተ ሰው ሁለተኛውንም በር ካልከፈተ ምን ይሠራልናል?

ከዚያ በኋላማ ወንበሩ አላረፈም። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ዓመት ገደማ ቆይተው ሄዱ። ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ ተከታተሉ። አብርሃም መብራቱ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ዓመት ሳይሞላ እሳቸውም በቦታው አልነበሩም። ውበቱ አባተ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱን፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉልን፤ ዓመት ሳይሞላ እሳቸውም ከቡድኑ ተለያዩ። ያለንን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. ካነሳን ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አልፏል። ዋንጫውን እንታገሠዋለን፤ አሰልጣኙን ግን አንችልም።

ፈረንጆቹም ድሮ ድሮ ደካሞች ነበሩ። አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድን የተረከቡት በኅዳር 1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያነሱት በ1990። በታኅሣሥ 1989 አንድ ደጋፊ «ሂድልን» የሚል መልእክት በጨርቅ ላይ ጽፎ ስታዲየም ይዞ ገባ። ሦስት ዓመት ጠብቆ! ይኼ ሰው ደምበጫ ቢኖር በዘገምተኛነቱ የአግዳሚው ሁሉ መሳቂያ ይሆን ነበር። ፈርጉሰንም ሳይሄዱ እስከ 2013 ቆይተው 13 የሊግ ዋንጫ ሲሰበስቡ፣ የስንቱ ሰው የመፍረድ መብት እንደ ታፈነ አስቡት።

ዛሬ ግን ገብቷቸዋል። በ2025 ኖቲንግሃም ፎረስት አንጌ ፖስቴኮግሉን ቀጥሮ፣ ስምንት ጨዋታ አጫውቶ፣ በ39 ቀኑ አሰናበታቸው። ሰውዬው ሁዳዴን ይዘው ቢሆን ፋሲካን ሳያዩ፣ ሆሳዕና እንኳ ሳይደርስ ወጡ ማለት ነው። ስንብቱ የተነገረውም ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሙከራው መልካም ነው። 23ኛው ደቂቃ ላይ ለመድረስ ግን ገና ይቀራቸዋል።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላዋል፤ እንዲያው ለእናንተ ለብቻችሁ ላንሳው። ያ ግብፅን ያሸነፍንበት ጨዋታ «የሜዳችን» ጨዋታ ነበር። የተካሄደው ሊሎንግዌ ነው፣ ማላዊ። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ቡድናችን ባለሜዳ ሆኖ ሰው አገር ተጫወተ። ከደምበጫ ማልዶ አውቶቡስ ይዞ፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ፣ ባሕር ዳር ገብቶ ኮትዲቯር ስትሸነፍ ያየ ሰው፣ ግብፅ ስትሸነፍ ለማየት ፓስፖርት ያስፈልገው ነበር። ለዚህ ማን ተሰናበተ? በየትኛው አግዳሚ ላይ «ይሸኝ!» ተባለ? እዚህ የእኛ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ወሰኑን የምታውቀው ላሚቷ ናት። የሦስት ጨዋታ ሕጋችን እዚህ ጋ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል።

አሰልጣኝ ማሰናበት እኮ ርካሽ ነው። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ «ለአገልግሎትዎ እናመሰግናለን»። የሣር ሜዳ ማልማት፣ ታዳጊ ይዞ ስድስት ሰባት ዓመት ማሳደግ ግን ገንዘብም ልብም ይጠይቃል። ስለዚህ እኛ ስንጮህ ደስ የሚለው ማን እንደሆነ ገምቱ። የቀጠረው ክፍል በጩኸታችን ታጅቦ ሰውዬውን በር ድረስ ይሸኝና ተመልሶ ያው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ይቀጥራል። እኛም «ይኼኛውስ ደህና ይመስላል» እንላለን፤ እስከ 23ኛው ደቂቃ።

ልክ ነው፣ እውነትም የማይሆን አሰልጣኝ አለ፤ ዓመት ቢሰጡት፣ ሁለት ቢጨምሩት ትልም የማያቀና። ግን እሱን ከሚሆነው ለመለየት ቢያንስ አንድ እርሻ ማየት ይጠይቃል፤ ይህን ለጎረቤቴ እንዳልነግረው እሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ወይፈኑ ትናንት ስድስት ትልም ሄዷል።

ቅዳሜ ማታ ሌላ አዲስ አሰልጣኝ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደርጋል። ቀደም ብላችሁ ኑ፤ አግዳሚው ይሞላል። የስንብት ደብዳቤውን ግን እቤታችሁ ጽፋችሁ አምጡ፤ መብራት ከሄደ በጨለማ መጻፍ ያስቸግራል፣ መብራቱን ደግሞ እንደ ልማዳችን በትዕግሥት እንጠብቀዋለን።