ልቦለድ በክፍል ውስጥ፦ በተለይ ስለ ተራ ቆጣሪው የቀረበ ጥናት

በአሜሪካ ሚድል ስኩሎች፣ ማለትም ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት፣ አንድ ልቦለድ ሳምንታት ፈጅቶ የሚጠናበት ሥርዓት ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። መጽሐፉ ሲጠና ኖሯል፤ ያልተጠናው አጥኚው ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በናሙናነት የተመረጠው የኤስ. ኢ. ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1967 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ በፕላስተር ተጣብቆ፣ የቀደሙ ተማሪዎች ስም በውስጥ ገጹ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። አንዳንዱ ቅጂ ላይ ማን ማንን እንደሚወድም ተጽፏል፤ ይህ ግን የሌላ ጥናት ርእስ ነው።

ሂንተን መጽሐፉን የጻፈችው በኦክላሆማ ግዛት፣ በቱልሳ ከተማ የሃይስኩል ተማሪ ሳለች ነው። ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። ትጽፈው በነበረበት ዓመት በፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ያገኘችው ውጤት «ዲ» ነው። ታሪኩ ግሪዘር በሚባሉት ድኾችና ሶሽ በሚባሉት የሀብታም ልጆች መካከል ስላለው ጠብ ሲሆን ተራኪው የ14 ዓመቱ ፖኒቦይ ነው። መጨረሻው ላይ እንደሚገለጠው መጽሐፉ በሙሉ፣ ፖኒቦይ እንግሊዝኛ እንዳይወድቅ ለመምህሩ የጻፈው ድርሰት ነው። እንግዲህ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው፣ «ዲ» ያገኘች ተማሪ ሊወድቅ ስለተቃረበ ተማሪ የቤት ሥራ በጻፈችው መጽሐፍ ላይ የታዘዘ የቤት ሥራ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ቢያርፍ አይከፋም።

የክፍሉ ሕዝብ በአራት ወገን ይከፈላል።

የመጀመሪያው ወገን ጨራሹ ነው። መጽሐፉ ሰኞ ይታደለዋል፤ ማክሰኞ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። መምህሯ ግን በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ብላ አቅዳለች፤ ምዕራፎቹም 12 ናቸው። ስለዚህ ጨራሹ ማን እንደሚሞት እያወቀ ስድስት ሳምንት አፉን ይዞ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ «በሚቀጥለው ምዕራፍ ምን ይሆናል ብለህ ትገምታለህ?» የሚል ወረቀት በየሳምንቱ ይሰጠዋል። እውነቱን ቢጽፍ ቀድሞ አንብቧል ተብሎ ይወቀሳል። በመሆኑም ከክፍሉ ሁሉ መጽሐፉን ያነበበው ልጅ፣ በጽሑፍ ለመዋሸት የሚገደድ ብቸኛው ልጅ ነው።

ሁለተኛው ፊልም ተመልካቹ ነው። እሱን እንደ ሰነፍ መቁጠር ታሪክን አለማወቅ ይሆናል፤ ፊልሙ ራሱ የተወለደው ከትምህርት ቤት ነውና። በ1980 በካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ አካባቢ የሚገኝ የሎን ስታር ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና ተማሪዎች «ይህን መጽሐፍ ፊልም አድርግልን» ብለው ለፊልም ዳይሬክተሩ ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ጻፉ። ኮፖላም እሺ አለ፤ ፊልሙ በ1983 ወጣ፤ ቶም ክሩዝና ፓትሪክ ስዌይዚ ገና ስማቸው ሳይገን ታዩበት። ፊልሙ ግን ፖኒቦይ መንገድ ላይ በሶሾች የሚደበደብበትን መግቢያ ቆርጦ ጥሎ ነበር። መምህራንም ይህን ወጥመድ ለሃያ ዓመት ያህል ተጠቀሙበት፤ ስለ ምዕራፍ 1 አንዲት ጥያቄ መጠየቅ በቂ ነበር። በ2005 ኮፖላ የተቆረጠውን መልሶ 22 ደቂቃ ጨመረ። በማስተማር ሙያ ላይ ያደረሰውን ጉዳት እስካሁን የጠየቀው የለም።

ሦስተኛው ተራ ቆጣሪው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ጥናት የተጻፈው ለእሱ ሲባል ነው።

መምህሯ «ዛሬ በየተራ አንድ አንድ አንቀጽ ጮክ ብለን እናነባለን» ካለችበት ሰዓት ጀምሮ ተራ ቆጣሪው ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ከፊቱ ያሉትን ራሶች ይቆጥራል። ዘጠኝ። ከዚያ ዘጠኝ አንቀጽ ዘሎ አሥረኛው ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ምርመራ ይከተላል፤ ስንት መስመር ነው? ምላስ የሚይዝ ስም አለበት? ሲነበብ የኋላ ወንበር የሚያስቅ ቃል አለበት? ካለ፣ ሽንት ቤት የሚጠየቅበት ሰዓት ከወዲሁ ይሰላል። አንድ አንባቢ ሲቀር መጠየቅ ያስነቃል። አምስት ሲቀር መውጣት ደግሞ ልክ በተራ ላይ ተመልሶ ከች ማለት ነው። የተመሰከረለት ሰዓት ሁለት ሲቀር ነው።

ሂሳቡን የሚያፈርሱ ነገሮች አሉ። ቀንደኛው ንግግር ነው። የሂንተን ልጆች ሲነታረኩ እያንዳንዱ መልስ በራሱ መስመር ይጻፋል፤ ሦስት ቃል ያላት መስመር አንቀጽ ትባላለች ወይስ አትባልም? በዚህ ጉዳይ ረድፉ ለሁለት ይከፈላል። ከፊት ያለችው ልጅ ሦስቱን ቃል አንብባ ዝም ትላለች፤ መምህሯ «ቀጥይ» ትላለች፤ በዚች በአንዲት ቃል ከኋላ ያለው ሁሉ ይከስራል። ጣቶች ገጹ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ይሯሯጣሉ። አርፍዶ የመጣ ተማሪ መሃል ገብቶ ሲቀመጥ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ በሹክሹክታ አራት ጊዜ የተለማመዱት አንቀጽ፣ ቦርሳውን እንኳ ላላወረደ ልጅ በነጻ ይተላለፋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ተራ ቆጣሪው የሚነበበውን አይሰማም። በምዕራፍ 4 መናፈሻው ውስጥ ሰው ተገድሏል፤ እሱ ወሬውም የለው። የሱ አንቀጽ ዳሊ የሚባለው ግሪዘር ፖኒቦይንና ጓደኛውን ጆኒን የሚያሸሽበት ነው። ስለዚህ ገዳዩ ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል፤ ልጆቹ የሚሳፈሩበት የጭነት ባቡር ከሌሊቱ 9፡15 እንደሚያልፍ ግን እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

መምህራን መድኃኒት አላጡለትም። «ፖፕኮርን» ይባላል፤ ያነበበው ልጅ ቀጣዩን አንባቢ በስሙ ይጠራል። መቁጠር በርግጥ ቀረ። በምትኩ አፉ ውስጥ ቺፕስ የያዘ ጓደኛን መጥራት፣ ትናንት በእረፍት ሰዓት የተጣሉትን መጥራት፣ የተጠራውም ሁለት መስመር አንብቦ ጠሪውን መልሶ መጥራት መጣ። ስለ ሁለት ቡድን ጠብ የሚተርክ መጽሐፍ በሁለት ቡድን ጠብ ይነበባል፤ ከደራሲዋ ሐሳብ ብዙ ርቋል ማለት ያስቸግራል።

አራተኛው ወገን ጥናቱ በተካሄደበት ቀን ቀሪ ነበር።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ብዙ ወላጆች ያደጉት ልቦለድ በደብተር መሃል ተደብቆ በሚነበብበት ሕግ ነው። አሁን ልጁ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንግሥት ወጪ የተገዛ ልቦለድ ያነባል።

«ጥናት የለህም እንዴ?»

«ይኼ ነው ጥናቱ፣ ማሚ። ስለ ፖኒቦይና ስለ ወንድሙ ስለ ሶዳፖፕ ነው።»

«ሶዳፖፕ የሰው ስም ነው?»

«አባታቸው ነው ያወጣላቸው። በርዝ ሰርተፍኬቱ ላይም እንደዛ ነው የሚለው።»

«እሱስ ይሁንላቸው። ሒሳብህን ጨርሰሃል?»

ስለ ፀሐይ መጥለቅ ምሳሌነት፣ ስለ ሮበርት ፍሮስት ባለ ስምንት መስመር ግጥም፣ «ከጽሑፉ ማስረጃ ጥቀስ» ስለሚለው ማለቂያ የሌለው ትእዛዝ፣ ገጾቹን በቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ስለሚያስጌጡት ልጃገረዶች ሊባል የሚገባው ብዙ ነበር። ነገር ግን ምዕራፍ 9 ላይ ምደባው ራሱ መሥራት ያቆማል። ጆኒ የሚሞተው እዚያ ነው። ጨራሹ የሚመጣውን ከአንድ ወር በፊት እያወቀ ጃኬቱን ራሱ ላይ ይከናነባል። ፊልም ተመልካቹ ቀና ብሎ ይሰማል። ተራ ቆጣሪው ስንት ራስ ከፊቱ እንዳለ ይጠፋበትና ስሙ ሲጠራ የት እንደደረሱ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ጎረቤቱም አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ ስለሆነ አይመልስለትም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ምዕራፍ 9ን በተራ አታስነብቡ። ራሳችሁ ከፊት ቆማችሁ አንብቡላቸው፤ የጥያቄውን ወረቀት ደግሞ ለማግስቱ አቆዩት።