ጥርስ ሙሌትም ድብብቆሽ ሆነ

የዘመኔ ሰዎች፣ እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ድሮ ጥርሱን ያስሞላ ሰው ሲስቅ ያስታውቅ ነበር። መንጋጋው ውስጥ ብልጭ ስትል፣ ደሴ ደርሶ መምጣቱን አገር ሁሉ ያይለታል። ጎረቤቴ ሐጂማ ያቺ ሙሌታቸው እንድትታይ ለማያስቀውም ነገር ይስቁ ነበር። አሁንስ? እዚሁ ቦረና፣ መካነ ሰላም አስሞልቼ ቤቴ ገባሁና አፌን በርግጄ ለባለቤቴ ባሳያት፣ «የቱ ነው የተሞላው?» አለችኝ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ፣ የቱ ነው!

ጥፋቱ የሚጀምረው ከቀለሙ ነው። ሐኪሙ፣ ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ልጅ፣ የተደረደሩ የውሸት ጥርሶች አምጥቶ አንድ በአንድ ከጥርሴ ጎን እያስጠጋ ያመሳስላል። አንዱ ይነጣል፣ ሌላውም ይነጣል። በመጨረሻ ከዳር ያለችውን ቡላማዋን አነሣና «ቡና ያዘወትራሉ አይደል፣ አባቴ?» አለኝ። እኛ በልጅነታችን ሽማግሌን እንዲህ ደፍረን እናውቃለን?

ቀጥሎ ጥርሴን አሲድ ቀባው። አሲድ! ሙሌቱ እንዲይዝ ገጹን ሻከር ያደርገዋል አለኝ፤ ወዲያው አጥቦ አደረቀው። ምራቅ ከነካው አይይዝም እያለም አፌን በጥጥ ጠቀጠቀው፤ እንዳልመልስለት ነው። ከዚያ ነጩን ነገር በስሱ ይጨምራል፣ ሰማያዊ መብራት ያበራበታል፣ 20 ሰከንድ ያህል ሲቆይ ድንጋይ ይሆናል። እንደገና በስሱ፣ እንደገና መብራት። ምን አስቸኮላቸው? በኛ ጊዜ የሚበረክት ነገር ሳይቸኩል ነበር የሚደርቀው። ደግሞስ መንቀርፈፉ! ንብርብሩ መች ያልቃል እያልኩ ወገቤ ተቆረጠ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና የምታጠና የልጅ ልጅ አለችኝ። «አባባ፣ ይሄ ኮምፖዚት ነው፤ ሙጫ ነገር ነው፣ ውስጡ የደቀቀ ብርጭቆ አለበት» ትለኛለች። እህል ውስጥ ጠጠር ሲገኝ ቤት ስናምስ የኖርን ሰዎች፣ ይኸው ብርጭቆ በገንዘባችን ጎረስን። ሙጫውን ራፋኤል ቦወን የሚባል አሜሪካዊ በ1962 እ.ኤ.አ. ነው አሉ ያስመዘገበው። ትናንት የመጣ ነገር! እኔ እንኳ በዕድሜ እበልጠዋለሁ።

የድሮው ሙሌት ግን ብር ነበር፣ ብር! ልጅቱ ይህንንም አልተወችልኝም። «አማልጋም እኮ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው» አለችኝ። ቆርቆሮ መግባቱማ እሰየው ነው፤ የቤቴን ሣር አንሥቼ ቆርቆሮ ካለበስኩት ወዲህ ጠብታ አላየሁም። አሁን ግን ሜርኩሪው አየርና ውኃ ይበክላል ተብሎ የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማልጋምን ከልክሏል። በጥቅምት 2018 ዓ.ም ደግሞ ጄኔቫ ላይ መንግሥታት ተሰብስበው፣ እስከ 2034 እ.ኤ.አ. ከዓለም ይጥፋ ብለው ተስማሙ። ያለ አማካሪ! የኔን የኋላ መንጋጋ ማን ጠየቀው? ልጅቱን «ታዲያ ይቺን የቀድሞዋን ላስፈልፍላት?» ብላት፣ «ኧረ አባባ፣ ደህና ከሆነች አይነካኩ! ሲፈለፈል ነው ተኑ የሚበዛው» አለችኝ። ሲያስቀምጡት ክፉ፣ ሲያወጡት ክፉ። የዘንድሮ ዕውቀት እንዲህ ነው።

«መብራት ሲጠፋስ ሐኪሙ በምን ያደርቀዋል?» ብዬ ያዝኳት። ለካ መብራት የማያሻው ሙሌትም አለ። ግላስ አዮኖመር ይሉታል፤ ዱቄቱን በፈሳሽ ያቦኩታል፣ ራሱ ይጠነክራል፣ ጥርሱን ራሱ ይዞ ይጣበቃል፣ ለጥርስ የሚበጀውን ፍሎራይድም ቀስ እያለ ይለቃል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ውስጥ ያለ መብራትና ያለ መሰርሰሪያ፣ የተበላውን በእጅ መሣሪያ እየጠረጉ መሙላት ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ግላስ አዮኖመርን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ይሄ ነው የኔ ሙሌት ብዬ ተነሣሁ። «ግን ለሚያኝክ መንጋጋ እንደ ኮምፖዚቱ አይበረታም» አለችኝ። የገብስ ቆሎ የማይችል ሙሌት ቦረና ምን ሊያደርግ ይመጣል?

አይ ድሮ! የናቴ መድኃኒት ቅርንፉድ ነበር፤ ትነክሱበታላችሁ፣ አበቃ። በቀደም ጊዜያዊ ሙሌት ነው ብለው ሲደፍኑልኝ አፌ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተኝ። ብጠይቅ የቅርንፉድ ዘይት ከዚንክ ዱቄት ጋር ተቦክቶ ነው! የናቴን ሙያ በደረሰኝ ይሸጡልኛል። ትል ካለበትም የእምቧይ ፍሬ ይታጠናል፣ ትሉ ሳፋው ውስጥ ዱብ ይላል። ልጅቱ እሱ ትል ሳይሆን የፍሬው ቅንጣት ነው ትላለች። በዓይኔ ያየሁትን!

ማደንዘዣም ቢሆን በነፃ ነበር። ደሴ ስንሄድ ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ራሱ መንጋጋችንን ያደነዝዘው ነበር። ዘንድሮ በመርፌ ወግተውኝ ከንፈሬ የማን እንደሆነ ጠፋኝ፤ ሻዩ በአገጬ ወርዶ ነጠላዬን አበላሸው። ወጌሻው ጋማ መቼ መርፌ ነበር? ሁለት ጎረምሳ ትከሻና እግራችንን ይይዛል፣ ጉጠቱ ይገባል፣ አንዴ እንጮሃለን፣ አለቀ። ሕመም የሚባል አናውቅም ነበር። አባቴ ሲያርፉ አንድ የተበላሸ ጥርስ አልነበራቸውም። አንድም ጥርስ አልነበራቸውም።

ይህን ሁሉ ያመጣብን ስኳር ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም ስኳር ማምረት ሲጀምር ነው ነገር የተበላሸው። ጀርሞቹ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ ጥርሱን ይቦረቡረዋል፣ ሙሌት ብቻውን አያድንም፤ ጣፋጭ ይቀንሱ ብላ ልጅቱ ስታስረዳኝ፣ አራተኛውን ማንኪያ ሻዬ ላይ እያማሰልኩ በጥሞና ሰማኋት። ወጣቱ ግን ምክር አይሰማም።

ለቀረችው ጥርስ ቀጠሮ ሰጥተውኛል፣ ያውም በገበያ ቀን። ብሩ ካልተገኘ በነጩ ትሞላ ብያለሁ፤ ምን ይደረግ። ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ስላለብን፣ ፎቶም ስለማይቀር፣ ከቡላማዋ ነጣ ያለችውን ይምረጥልኝ አልኩት። ሐኪሙ «ከሌሎቹ ጥርሶችዎ ጋር አትመሳሰልም» አለኝ። እንግዲያስ ሌሎቹን ያስተካክላቸዋ!