ጾመኛው ወተት

እኛ ጫንጮዎች ፈሪሃ እግዚአብሔር የለንም የሚል ካለ በዐቢይ ጾም ማለዳ መጥቶ ወተታችንን ይቅመስ። 55 ቀን ሙሉ ጠብታ ውኃ አይነካውም። አዲስ አበባ ጾማ ገዢ ሲጠፋ ማን ደክሞ ይቀላቅላል? ወተቱም አብሮን ይጾማል። ፋሲካ ሲደርስ እኛ በዶሮ እንፈስካለን፣ ወተቱ በውኃ ይፈስካል።

በጾም የሚያማን የለም። ቅቤ የነካው ማንኪያ ሽሮው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ድስቱን እንደፋለን። የ12ቱን ሚካኤል፣ የ24ቱን ተክለ ሃይማኖት ሞፈር አንነካም። የንስሐ አባታችን መጥተው «ልጄ፣ ጾም ገድፈሃል?» ሲሉን «ኧረ በፍጹም፣ አባ!» ብለን መስቀል እንሳለማለን። ወተቱ ላይ ውኃ ስለምንጨምርበት ጆግ አይጠይቁን፤ ሳይጠየቁ መቀባጠር ደግሞ ነውር ነው። ለእርሳቸው የሚቀርበው ብርጭቆ መቼም ከላሟ ጡት እንደወረደ ነው። የልጆቻችንም፣ የጎረቤታችንም እንዲሁ። ባልንጀራን የመውደዱን ትእዛዝ አልዘነጋንም። አዲስ አበባ ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ መሐላችን እንጦጦ አለ፤ ባልንጀርነት ያን ሁሉ ዳገት አይወጣም።

ጴንጤው ጎረቤቴም ቢሆን ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ጠላ አፉን ነክቶት አያውቅም። በጾም፣ በሥዕል፣ በአማላጅነት ስንከራከር መሽቶብናል። በጆጉ ላይ ግን ቃል ሳንለዋወጥ ተስማማን።

በዚህ መሐል የሚያስቸግረን አንድ መናፍቅ አለ፤ ላክቶሜትር ይባላል። የወተት መሰብሰቢያው ልጅ ይህቺን የመስታወት ዘንግ ወተቱ ውስጥ ጣል ሲያደርጋት ንጹሑ ላይ ከ28 እስከ 32 ታነባለች፤ ውኃ ከገባበት ትሰምጥና ቁጥሩ ይወርዳል። ማተብ አታይ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መታወቂያ አትጠይቅ! ደግነቱ እርሷንም የሚያሳምን ዘዴ አልጠፋም። ቅባቱ ሲገፈፍ ወተት ይከብዳል፣ ውኃ ሲገባበት ይቀላል። ገፈፍ፣ ጨመር አድርጎ ላመዛዘነ ሰው ዘንጓ 29 ላይ ቆማ ትመሰክርለታለች። ቅባቱ ለቤት፣ ምስክርነቱ ለገበያ። እሑድ ነጠላ አጣፍተን ስንቆምም ሒሳባችን ያው ነው፤ ላያችንን ያየ 29 ያነባል።

በግንቦት የደብረ ሊባኖስ ተጓዦች መዝሙር እያሰሙ በደጃችን ሲያልፉ እኛም ተሳፍረን እንሄዳለን። ጻድቁ አባታችን ተክለ ሃይማኖት እግራቸው ተሰብሮ ሲወድቅ በቀረችው በአንዷ ቆመው 7 ዓመት እንደጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። እኛ ተሻሽለናል፤ አንድ እግራችን ደጀ ሰላም፣ ሌላው ጆጉ አጠገብ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። በ1929 ዓ.ም. ግንቦት፣ ልክ በጻድቁ በዓል ሰሞን፣ የግራዚያኒ ወታደሮች የገዳሙን መነኮሳት በመቶዎች እያጋዙ ረሽነዋቸዋል። የእነርሱ ነገር ቀላል ነበር፤ የተጠየቁት ነፍሳቸውን ብቻ ነው። እስቲ በፋሲካ ማግስት፣ ወተት በተወደደበት ሰሞን፣ አንድ ጆግ ውኃ ተዉ ተብለው ይሞክሩት ነበር!

ባለፈው ከጉዞው በተመለስን ማግስት መሰብሰቢያው ጋ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ አንገታቸው ላይ መቁጠሪያ፣ እጃቸው ላይ የወተት ጣሳ። ልጁ ዘንጓን ጣላት፤ 23።

«ጋሼ፣ ውኃ ገብቶበታል።»

«ውኃ?» አሉ፣ ከልባቸው ተቀይመው። «ጸበል ነው እንጂ! ትናንት ከደብረ ሊባኖስ ያመጣሁት።»

ልጁ ዘንጓን አውጥቶ ጠረጋትና ወደ እኔ ጣሳ ዞረ። እኔ ደግሞ ላሟ የታሰረችበትን ገመድ ሳላጠብቅ መውጣቴ ድንገት ትዝ አለኝ።